ሻንጣዋ ውስጥ ያለው ጥቁር ሻሽ



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ገዛ ቤታችን ነው። በትዳርም በአገልግሎትም 26 ዓመት አብረን ቆይተናል። በእነዚህ ዓመታት ስለ ጸሎት፣ ስለ ደቀ መዝሙርነት፣ ስለ ሽማግሌዎች ኃላፊነት ብዙ ተናግረናል። የመጋቢ ሚስት እንዴት እንደምትውል፣ እንዴትስ እንደምትጓዝ ግን አንድም ቀን ተናግረን አናውቅም። "እኛ" የምንለው ሁለታችንን ነው፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላዋ አንብባ ታርማለች። ጥፋት የሚነገርበት ቦታ ስንደርስ ግን "መጋቢው" ብለን ለይተን እንጽፋለን። የአንዱን ጥፋት በ"እኛ" መሸፈን ለእናንተም ለእሷም ትክክል አይሆንም።

በቤታችን ቀኑ የሚጀምረው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። ጸሎት አለ፤ ከጸሎቱ ጎን ለጎን ደግሞ ሊጥ አለ። መብራት ካለ ምጣዱ ይሰካል፤ ከሌለ እስኪመጣ ይጠበቃል። እሷ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ የቤት ኪራያችን ለብዙ ዓመት የተከፈለው በእሷ ደመወዝ ነው። ከሥራ ስትመለስ በር ላይ የሚጠብቃት ሰው አይጠፋም፦ ከተጋቡ ሦስት ወር ሳይሞላቸው የተኳረፉ ሙሽሮች፣ ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት፣ ልጇ ቤይሩት ሄዳ ድምፅዋ የጠፋባት እናት። "ግቡ፣ ግቡ" የሚለው መጋቢው ነው። በመሶቡ ስንት እንጀራ እንደቀረ የምታውቀው ግን እሷ ናት።

ስልኳ ሲጠራ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው ቃል "መጋቢ አሉ?" የሚል ነው። በጉባኤ ስትተዋወቅ "የመጋቢያችን ባለቤት" ትባላለች። አዲስ ቀሚስ ከለበሰች "ደመወዝ ተጨመረላቸው እንዴ?" ይባላል፤ ያረጀውን ከደገመች ደግሞ "ምነው፣ ቤተ ክርስቲያናችንን ልታሰድብ ነው?" ይባላል። ልጆቻችን እንደማንኛውም ልጅ ኳስ ሲመቱ መስኮት ሰብረዋል፤ የእነሱ ግን "የመጋቢ ልጅ ሆኖ!" ተብሎ በማግስቱ ሰፈሩን ያዳርሳል።

በ26 ዓመት ሰባት ቤት ቀይረናል። የየቤቱ መስኮት ልኩ ሌላ ነው፤ መጋረጃዎቹ ግን እነዚያው ናቸው። አንዱ ቤት ሲያጥሩ ከታች ጨርቅ ትቀጥልባቸዋለች፤ ሌላው ቤት ሲረዝሙ ታጥፋቸዋለች። የትኛው ስፌት የትኛው አጥቢያ ሳለን እንደተሰፋ እስካሁን ታስታውሳለች።

ጉዟችንም ከዚህ የተለየ አልነበረም። "የቤተሰብ ጉዞ" የምንለው ሁሉ ወይ ኮንፈረንስ፣ ወይ የአገልጋዮች ሥልጠና፣ ወይ ሰርግ፣ ወይ ለቅሶ ነበር። ከመዘምራኑ ጋር በአንድ ሚኒባስ ስንሄድ ኪቦርዱ እግሯ ሥር፣ የተኛው ልጅ ጭኗ ላይ፣ የዳቦ ቆሎው ፌስታል ክንዷ ላይ ሆኖ ስንት መንገድ አልፏል! መጋቢው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ የስብከቱን አሳብ ያወጣል ያወርዳል። ደርሰን እሱ ወደ መድረክ ሲወጣ እሷ ልጆቹን የምታጥብበት ውኃ ትጠይቃለች።

አንድ ጊዜ ለሰርግ ወደ ሆሳዕና ሄደን ሳለ በዚያው ሌሊት ከሙሽራው ዘመዶች አንድ አባት አረፉ። እሷ የያዘችው የሰርግ ልብስ ብቻ ስለነበር የሰው ልብስ ተውሳ ለቅሶ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትም ስንሄድ ሻንጣዋ ሥር አንድ ጥቁር ሻሽ ታጥፎ ይቀመጣል። "የመጋቢ ጉዞ በሰርግ ተጀምሮ በለቅሶ ሊያልቅ ይችላል" ትላለች።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9፥5 ላይ ኬፋ ሚስቱን ይዞ ይዞር እንደነበር በጨረፍታ ይጠቅሳል። ወንጌሎቹም እናቷ በትኩሳት ታማ ጌታ እንደፈወሳት ይነግሩናል። የእሷ ስም ግን አልተጻፈም። በየትኛው መንገድ እንደደከመች፣ በማን ቤት እንዳደረች አናውቅም። ስለ ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ሰብከናል፤ ስለ እሷ አንድም ቀን አልሰበክንም።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንምጣ። እሷ ለተማሪዎቿ ስለ ዓባያና ስለ ጫሞ ሐይቆች ስታስተምር በየዓመቱ አንድ ልጅ አይጠፋም፣ "ቲቸር፣ አይተሽዋል?" የሚላት። በየዓመቱም "ገና ነው" ትላለች። መጋቢው አርባ ምንጭ ሊወስዳት ቃል የገባላት በ10ኛው የጋብቻ ዓመታችን ነበር። ያን ዓመት ኮንፈረንስ መጣ። ሌላ ዓመት አንድ ሽማግሌ አረፉ። ሌላ ዓመት ገንዘብ አልነበረም። ባለፈው ዓመት 25ኛ ዓመታችን ሲሞላ አንድ ወንድም መኪናውን ሰጠን፤ ትንሿን ልጃችንን ከኋላ አስቀምጠን ቅዳሜ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሣን።

ሞጆን፣ መቂን አለፍን። ዝዋይ ላይ ዓሣ በላን። የላንጋኖን ቡናማ ውኃ ስታይ ልጃችን "ሻይ ነው እንዴ?" ብላ አሳቀችን። ለብዙ ጊዜ እንዲህ ስቀን አናውቅም። ሻሸመኔ ስንደርስ ስልክ ጮኸ። የሶዶ አንድ አጥቢያ አገልጋይ ነበር፦ "በዚህ የምታልፉ ከሆነ ነገ ጠዋት ቃል ብታካፍሉን?" መጋቢው ፊቱን ወደ ጎን እንኳ ሳያዞር "እሺ፣ ጌታ ይርዳን" አለ።

"አባዬ፣ አርባ ምንጭ ዛሬ አይደለም እንዴ?" አለች ልጃችን።

"ነገ እንደርሳለን፣ የኔ እናት" አለች እናቷ። ከዚያ በኋላ ሃላባን አልፈን ሶዶ እስክንገባ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር እንጂ አንድ ቃል አልተናገረችም።

መጋቢው እሑድ የሰበከው ከማርቆስ 6 ነበር። ጌታ የደከሙትን ደቀ መዛሙርቱን ወደ ምድረ በዳ ሄደው እንዲያርፉ ጠራቸው፤ ሕዝቡ ግን ቀድሟቸው ደረሰ፤ ጌታም ሕዝቡን አይቶ ራራላቸው፣ ያስተምራቸውም ጀመር። ስለዚህ እውነተኛ አገልጋይ ዕረፍቱ ሲቋረጥ አያጉረመርምም ብሎ ደመደመ። ጉባኤው "አሜን" አለ። ስብከቱ ለጉባኤው ይመስል ነበር፤ ግማሹ ግን ፊተኛው ወንበር ላይ ለተቀመጠችው ሴት የተላከ መልስ ነበር። ይህን መጋቢው ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች።

ከአገልግሎቱ በኋላ ሻይ ሲቀርብ አንዲት አሮጊት እናት መጥተው አጠገቧ ተቀመጡና እጇን ያዙ።

"ስምሽ ማን ነው፣ ልጄ?"

"የመጋቢ ባለቤት ነኝ፣ እማማ።"

"እሱንማ ሰምቻለሁ። እኔ የጠየቅኩት ያንቺን ነው።"

እሷም ስሟን ከመናገሯ በፊት እንባዋ ቀደማት።

እኚህ እናት የወላይታ ወንጌላዊ ሚስት የነበሩ ናቸው። የወላይታን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሚስዮናውያን ወንጌልን ይዘው እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ሶዶ መጡ፤ በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ሲዳማ እና ከዚያም አልፈው ሄዱ፤ ብዙዎቹም የሄዱት ሚስትና ልጅ ይዘው ነው። ታሪኩ ሲነገር የወንጌላውያኑ ስም ይነሣል። የሚስቶቻቸው ስም የሚነሣው አልፎ አልፎ ነው።

እማማ እንዲህ አሏት፦ "ወደ ጎፋ ስንሄድ ባሌ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ፊት ፊት ይሄዳል። እኔ ልጄን አዝዬ፣ ድስትና ጨው ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ቆመና ዞር ብሎ አየኝ። ምንም ሳይል ድስቱን ተቀብሎኝ ራሱ ተሸከመ። በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ ሳቀበት። መንገዱ ከዚያ በኋላም ያው ሩቅ ነበር፤ እኔን ግን እንደ ድሮው አልከበደኝም።"

ይህን ሁሉ መጋቢው የሰማው ከሶዶ ወጥተን ወደ አርባ ምንጭ ስንሄድ ነው። እሷ እየነገረችው ታለቅስ ነበር። "ተቆጥተሽብኛል?" አላት። "አልተቆጣሁም፤ ደክሞኛል" አለችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ጉባኤው ሁሉ እረኛ አለው። የኔ እረኛ ማን ነው? ስታመም አንተ የሰው በሽተኛ ልትጠይቅ ሄደሃል። ስከፋ ለማን ልንገር? ለምዕመናን ብነግር አንተን ማማት ይሆንብኛል፤ ለአንተ እንዳልነግርህ አትገኝም" አለችው።

መጋቢው መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። በሥነ መለኮት ኮሌጅ አራት ዓመት ተምሯል፤ የምክር አገልግሎትም ተምሯል፣ ለሌሎችም አስተምሯል። በዚያች ሰዓት ግን የሚለው ቃል አጣ። "ይቅር በይኝ" ብቻ አለ። ልጃችን ከኋላ ወንበር እጇን ዘርግታ የሁለታችንንም ትከሻ ነካች።

ያን ምሽት አርባ ምንጭ ደርሰን ልጃችን ከተኛች በኋላ ማርቆስ 6ን አብረን ከፈትን። ስብከቱ ቁጥር 34 ላይ ቆሞ ነበር። ምዕራፉ ግን እዚያ አይቆምም። ጌታ ሕዝቡን መግቦ ከጨረሰ በኋላ ቁጥር 45 ላይ ደቀ መዛሙርቱን ቀድመው በታንኳ እንዲሄዱ ግድ ይላቸዋል፤ ሕዝቡን የሚያሰናብተው ራሱ ነው። የደከሙትን "እናንተ አሰናብቱ" ብሎ ከሕዝቡ ጋር አልተዋቸውም። ሕዝቡን የሚወድ ጌታ ሕዝቡን ማሰናበትም ያውቅ ነበር። መጋቢው ለዓመታት ሕዝብን መቀበል ብቻ ተምሮ ማሰናበትን አልተማረም ነበር፤ የማሰናበቱ ሸክም የወደቀው በሚስቱ ላይ ነው። ይህን ተነጋግረን ተንበርክከን ጸለይን።

በማግስቱ ስልካችንን ሻንጣው ውስጥ፣ ጥቁሩ ሻሽ አጠገብ ትተን ወጣን። ከከፍታው ላይ ሆነን ሁለቱን ሐይቆች አየን፤ ዓባያ ቀላ ያለ፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ በመካከላቸው ሰው "የእግዜር ድልድይ" የሚለው የተራራ ወገብ። ለተማሪዎቿ ብላ በልጃችን ካሜራ ፎቶ አነሣች። ከዚያ ከተማዋ ስሟን ወዳገኘችበት፣ ምንጮቹ ከጫካው ሥር ወደሚፈልቁበት ወረድን። ልጃችን አርባ መሆናቸውን ላረጋግጥ ብላ መቁጠር ጀምራ አሥራ አንድ ላይ ጠፋባት። እሷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውኃው ውስጥ ከተተች። መጋቢው ጫማዋን በእጁ ይዞ ቆመ። የሚያልፉ ወጣቶች አይተው ፈገግ አሉ።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልሆነም። ማክሰኞ ማታ ስልኩን ስንከፍት ከአጥቢያችን እናቶች አንዷ ሰኞ ጠዋት አርፈው፣ በዚያው ቀን ሽማግሌዎቹ እንደቀበሯቸው ሰማን። መጋቢው ከመቃብሩ ዳር አልቆመም። አለቀሰም፤ ሌሊቱን ሙሉ ተፀፀተ። ረቡዕ ማታ አዲስ አበባ ስንገባ ቤታችን ሳንደርስ በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄድን። እሷ ሻንጣውን ከፍታ ሻሹን አወጣችና መኪናው ውስጥ አሰረችው። ማንም አላዘዛትም። የሟች ልጅ "መጋቢ፣ ፈልገንዎት ነበር" አለ። መጋቢው "በአገልግሎት ላይ ነበርኩ" ማለት ይችል ነበር፤ ከፊል እውነት ነውና። ግን "ይቅርታ፣ ልጄ፤ ከባለቤቴ ጋር ዕረፍት ላይ ነበርኩ" አለ። ልጁም ጥቂት ዝም አለና "ሽማግሌዎቹ አልተለዩንም" አለ። ቅር ያላቸው ሰዎችም ነበሩ፤ እስካሁንም አሉ።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ብለን አንዋሻችሁም። በሩ አሁንም ይንኳኳል። ሰኞ ማታ ግን ስልክ አንቀበልም፤ ተረኛ ሽማግሌ አለ። እሷም በየሁለት ሳምንቱ የአንድ ሌላ አጥቢያ የቀድሞ መጋቢ ባለቤት ወደሆኑ እናት ሄዳ ልቧን ታፈሳለች። ምን እንደሚነጋገሩ መጋቢው አይጠይቅም።

አገልጋይ የሆናችሁ ወንድሞች፣ ዛሬ ዞር ብላችሁ ከኋላችሁ የምትመጣውን እዩ፤ የተሸከመችውንም ተቀበሏት። ምዕመናንም፣ የመጋቢያችሁን ሚስት ስታገኟት "መጋቢ ደህና ናቸው?" ከማለታችሁ በፊት "አንቺስ እንዴት ነሽ?" በሏት፤ መልሷንም ቆማችሁ ስሙ። በስሟም ጥሯት።

የእሷን ስም እዚህ ላይ ጽፈነው ነበር። አንብባ ስታበቃ ሰረዘችውና "የሚያውቁኝ ይጥሩኝ፤ ይበቃኛል" አለች።

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ። አሜን።