«ማር ስኳር አይደለም» ብዬ የመከርኳቸው አጎቴ



ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ያሳፍራል፤ ግን አንድ ሰው እንኳ ከተማረበት ኀፍረቱ አይከብደኝም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ መስጂድ ኢማም ረዳት ነኝ። ልጆች አቀራለሁ፤ ኢማሙ ሲጓዙ አሰግዳለሁ። ከሶላት በኋላ ሰው ከቦኝ ሲቀመጥ የሚጠይቀኝ ስለ ዉዱእና ስለ ዘካ ብቻ አይደለም። «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ምን ልብላ?» የሚል አለ። «ቦርጬን ምን ያጠፋልኛል?» የሚልም አለ። ኪታብ የቀራ ሰው ሁሉን ያውቃል ይባላል። እኔም ለረጅም ጊዜ «አላውቅም» ማለት ሲከብደኝ ኖሯል።

አጎቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስኳር በሽታ እንዳለባቸው ከተነገራቸው ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ሱቃቸው ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ፣ «ይሄ ያለ ስኳር የሚጠጣ ሻይ መረረኝ። ማር ባደርግበትስ? ኪታብ የቀራኸው አንተ ነህ፣ እስቲ ንገረኝ» አሉኝ። እኔም ሳላስብ፣ «ጋሼ፣ ማርማ ስኳር አይደለም። ፈውስ ያለበት ነገር እንዴት ይጎዳዎታል?» አልኳቸው። አገሩ ጎጃም ነውና ማር አይጠፋም። ከገበያ አንድ ኪሎ ነጭ ማር ገዝቼ ያመጣሁላቸውም እኔው ነኝ።

ሁለት ወር ያህል ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ማንኪያ ጠጡ። ውሃ ጥሙ በረታባቸው፤ ሌሊት ለሽንት መመላለስ አበዙ። ከዚያ ጫማ የላጠው የቀኝ እግራቸው ጣት አልድን አለ። ሕክምና ስንሄድ የደማቸው ስኳር ከ300 በላይ ሆኖ ተገኘ። ባለሙያዋ «ስኳር ይወስዳሉ እንዴ?» ስትላቸው፣ «ኧረ የለም፣ ማር ብቻ ነው» አሏት። «ማር ይሻላል ያለዎት ማን ነው?» አለቻቸው። አጎቴ ዞር ብለው አዩኝና «ሰው ነዋ፣ ሰው» አሉ። ስሜን አልጠሩም። እኔም አፌን አልከፈትኩም።

የስፌት መኪናቸው በእግር የሚረገጥ ነው። ቁስሉ እስኪድን አራት ወር ፈጀ። በመካከሉ የረመዷን የመጨረሻ ሳምንታት ነበሩ፤ ሰው የዒድ ልብስ ለማሰፋት የሚሻማበት፣ አጎቴም የዓመቱን ዋና ገቢ የሚያገኙበት ጊዜ። መኪናው ጨርቅ ለብሶ ቆመ። ደንበኛው ሁሉ ሌላ ሱቅ ሄደ።

ባለሙያዋ ነገሩን በቀላል አስረዳችን። ከማር ውስጥ ከመቶ 80 እጅ ያህሉ ስኳር ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው አካል «ይሄ ከንብ የመጣ ነው፣ ያኛው ከሸንኮራ ነው» ብሎ አይምርም። ቁርኣን በሱረቱ ነሕል ስለ ማር ፈውስነት የተናገረውን አምናለሁ። ግን ፈውስ አለበት ማለት ስኳር የለበትም ማለት አይደለም። ጥፋቱ አያውን ይዤ ያልተማርኩት ሙያ ውስጥ የገባሁት የእኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን ሁሉ ማስተላለፍ ፈራሁ። እናንተ የምትጠይቁኝን ይዤ የሚያውቁ ሰዎችን መጠየቅና ማንበብ ጀመርኩ። ደጋግሜ ከምሰማቸው ሦስቱን ልንገራችሁ።

1ኛ. «ጥሬ እንቁላል ጡንቻ ያወጣል።» ከመድረሳው ጀርባ የወተት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተው፣ ብረት ሰክተው የሚያነሱ ልጆች አሉን። ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው። ሲጨርሱ ግን እንቁላል ጥሬውን ሰብረው ይጨልጣሉ። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ የቤልጅየም ተመራማሪዎች ጥናት የተቃራኒውን አሳይቷል፤ ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን ከመቶ 90 ያህሉን ሲወስድ፣ ከጥሬው የሚወስደው ግማሹን ያህል ነው። ጥሬው በዚያ ላይ ሳልሞኔላ የሚባለውን፣ ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ተሕዋስ ሊያስተላልፍ ይችላል። ቀቅላችሁ ብሉት።

2ኛ. «ላብ ከወጣ ቦርጭ ቀለጠ።» ከሹራብ ስር ፌስታል ጠቅልሎ የሚሮጥ አለ። ያን ቀን ሚዛን ላይ ሲወጣ የቀነሰው ውሃ ነው፤ ሲጠጣ ይመለሳል። በረመዷን ከዐስር በኋላ በጾም አፉ እንዲህ ሲሮጥ የወደቀ ልጅ ተሸክመን ወደ ቤቱ አድርሰናል። ሆድ የሚያሠራ ስፖርትም ጡንቻውን ያጠነክራል እንጂ ስብን እኛ ከመረጥነው ቦታ ለይቶ አያነሳም። ስቡ የሚቀንሰው ከምናወጣው ጉልበት የምንበላው ሲያንስ፣ ያውም ቀስ በቀስ ነው። አንድ ግራም ዱቄት ወይም ስኳር 4 ካሎሪ ገደማ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ዘይት 9 ይሰጣል። ቀኑን ጾመን በኢፍጣር ሰዓት በዘይት የራሰ ሳምቡሳ ስንደራርብ ቦርጩ ከየት እንደሚመጣ እንግዲህ ቁጠሩት። ይህን ስጽፍ የራሴን ሆድ እያየሁ ነው።

3ኛ. «በሽሮ አካል አይገነባም።» የደመወዙን እኩሌታ አውጥቶ የታሸገ ዱቄት የሚገዛ ወጣት አውቃለሁ። ምስር፣ አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ፕሮቲን ናቸው። እህል የሚያንሰውን ጥራጥሬ ይሞላዋል፤ እናቶቻችን ሽሮን በእንጀራ ያቀረቡት በከንቱ አይደለም። እንቁላልና ወተት ሲገኝ መጨመር ነው። የአርሲ ገበሬ ልጅ ፋጡማ ሮባ ያደገችው በደጋ ገበሬ ማእድ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ኦሎምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ጨርሳ፣ በዚህ ውድድር ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆናለች።

መድረሳ ስቀራ ሸይኻችን ከባድ መስአላ ሲመጣባቸው «አላውቅም፣ እከሌን ጠይቁ» ሲሉ እሰማ ነበር። ያኔ ትሕትና ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የጠያቂውን ሰው አማና መጠበቅም ነው። ስለ ሶላታችሁ እኔን ጠይቁኝ። ስለ ደማችሁና ስለ ስኳራችሁ ግን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ቲክቶክ ላይ ጡንቻ የሚያሳየውንም፣ ኮፍያ ያደረግነውንም አትመኑን።

ቁስላቸው ከዳነ በኋላ አንድ ቀን ሱቃቸው ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። አውፍ ይበሉኝ» አልኳቸው። ከመርገጫው ላይ እግራቸውን ሳያነሱ፣ «አውፍ ካልኩህማ ቆየሁ። ይልቅ ለልጆቹ ንገራቸው» አሉኝ።

ይኸው ነገርኳችሁ። ወላሁ አዕለም።