በር ጠባቂና መልኩን የለወጠ እንግዳ

ባለፈው ክረምት በአምቦ ከተማ ከዘመዶቻችን ቤት በእንግድነት ተቀምጠን ሳለ፥ የእኅታችን ልጅ ከጓደኞቹ ጋራ የሚጫወተውን አንድ ጨዋታ አሳየን። ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባል፥ በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ ነው። ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው ጀግና ወይም አስማተኛ ሆነው ይነጋገራሉ፤ የሚደርስባቸውንም ዕጣ እየጣሉ ይለያሉ። ልጁም፥ «መልኩን በአስማት የለወጠ ሌባ ወደ ግምጃ ቤት ቢመጣ፥ በሩን የሚጠብቀው መንፈስ በምን ያውቀዋል?» ብሎ ጠየቀን። በጨዋታው ደንብ እንደ ተጻፈው፥ መልክን የሚለውጠው አስማት ዓይንን ያታልላል እንጂ እጅን አያታልልም፤ ባርኔጣ የደፋ መስሎ የታየውን ሰው ራሱን ቢዳስሱት ባርኔጣው አይጨበጥም።

ይህን በሰማን ጊዜ በኦሪት የተነገረው የይስሐቅ ነገር ትዝ አለን። ዓይኑ ፈዞ ነበርና ልጁን በእጁ ዳሰሰው፤ ያገኘውም የፍየል ጠጕር ነበር። ጆሮው የያዕቆብን ድምፅ ቢለይም፥ እጁን አምኖ ባረከው። እንግዲህ እጅም እንደ ዓይን ይሳሳታል።

የኛ ስሕተት ግን ከዚህ የከፋ ነው። ልጆች ሳለን ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ አጠገብ እንኖር ነበር። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ የጆሮው ጕትቻ ግን ስለማይለወጥ በርሱ ይታወቃል ሲባል ሰምተን እናምን ነበር። አንድ ማታ አባታችን በሌሉበት፥ በዝናም ውስጥ አንድ ሰው «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ከደጃችን ቆመ። በፋኖሱ ብርሃን በልብሱ ላይ ጥላሸት፥ በጆሮው ላይ ጕትቻ ባየን ጊዜ በሩን ዘግተን መወርወሪያውን ጣልንበት። ሰውየውም ሁለተኛ አልተጣራም።

በማግሥቱ በሩን ስንከፍት፥ አባታችን ይሳልልኝ ብለው የሰጡት ማረሻ ተስሎ፥ ዝናም እንዳይነካው በቅጠል ተጠቅልሎ ከደጃፉ ተቀምጦ አገኘነው። አባታችን ተመልሰው ነገሩን በሰሙ ጊዜ ብዙ ዝም አሉ፤ ከዚያም ዋጋውን አስይዘው እኛኑ ወደ ሰውየው ሰደዱን። እርሱም ገንዘቡን ተቀበለ፤ ግቡ ግን አላለንም።

ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ እኛ ሳንወለድ የወጣ ሲሆን፥ እስከ ደጃችን ገና አልደረሰም ነበር።

ስለዚህ ለልጁ እንዲህ ብለን መለስንለት፦ መልካም በር ጠባቂ መልክ አይቶ አይፈርድም፤ ከየት መጣህ፥ ማንን ትሻለህ፥ ምን ይዘሃል ብሎ ይጠይቃል፤ የተነገረውንም ከሚያየው ሥራ ጋራ ያስተያያል። እኛም ያን ማታ ምን ይዘሃል ብለን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ማረሻውን ባሳየን ነበር።

ልጁም ጥቂት አሰበና፥ በጨዋታቸው ውስጥ ያለው መንፈስ ሰይፉን ከመምዘዙ በፊት ሦስት ጊዜ ይጠይቅ ዘንድ ደንብ አወጣ።