ሕልም እንደ ፈቺው ነውን?

አባቶቻችን «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ያሉት ሌሊት ስለሚታየው ሕልም ነው እንጂ በሲኒማ ስለሚታየው አይደለም። ነገር ግን ባለፈው የዕረፍት ቀን በቤቴ የተነሣው ክርክር ይህ ምሳሌ ለሲኒማም ይሠራ እንደ ሆነ እንዳስብ አስገደደኝ። ክርክሩ በፊልም ጀምሮ ሳላስበው ከራሴ ጓዳ ገብቶ ስላለቀ፣ አንባቢን ይጠቅም ይሆናል በማለት እንደ ሆነው አድርጌ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ፊልሙ «ኢንሴፕሽን» ይባላል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የወጣ፣ ክሪስቶፈር ኖላን ደርሶ ያዘጋጀው፣ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተበት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። በማግስቱ ዓመት አራት የኦስካር ሽልማቶች አግኝቷል። እኔ ያየሁት ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያሳየኝም ተማሪ የሆነው የእኅቴ ልጅ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ የታሪክ መምህርም አብረውን ነበሩ።

ላላዩት ታሪኩን ባጭሩ ላስረዳ። ኮብ የሚባል ሰው አለ፤ ሥራውም በሰው ሕልም ውስጥ እየገባ ምሥጢር መስረቅ ነው። ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ ስለ ተከሰሰ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሁለት ትንንሽ ልጆቹ መመለስ አይችልም። ሳይቶ የተባለ የጃፓን ባለጸጋ፣ የተፎካካሪው ወራሽ የአባቱን ኩባንያ እንዲበታትን የሚያደርግ ሐሳብ በልቡ ቢተክልለት፣ ክሱን አስነሥቶ ወደ አገሩ እንደሚያስገባው ይነግረዋል። ኮብም ባልደረቦቹን ይዞ ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ በሚበር አውሮፕላን ላይ ወራሹን አስተኝቶ፣ በሕልም ውስጥ ሕልም፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ሕልም እየከፈተ ይወርዳል። በተወረደ ቍጥር ጊዜው ይረዝማል፤ 10 ሰዓት የሚሆነው በረራ በመጀመሪያው ሕልም አንድ ሳምንት፣ በሁለተኛው 6 ወር፣ በሦስተኛው 10 ዓመት ይሆናል።

እንዲህ ላለው ሰው ነቅቶ ወይም ተኝቶ እንደ ሆነ የሚያውቅበት ምልክት ያስፈልገዋል። የኮብ ምልክት የሟች ሚስቱ የነበረች፣ በጣት ጠምዝዘው የሚለቋት ትንሽ እሽክርክሪት ናት፤ ያገራችንን እንዝርት ታስታውሳለች። ነቅቶ ከሆነ ትዞርና ትወድቃለች፤ በሕልም ከሆነ ሳትወድቅ ትዞራለች። በመጨረሻ ኮብ ሥራውን ፈጽሞ ከአውሮፕላን ይወርዳል፤ የድንበሩ ሹም ፓስፖርቱን አይቶ እንኳን ወደ አገርህ በደኅና ገባህ ይለዋል፤ ከቤቱም ይደርሳል። እሽክርክሪቷን በጠረጴዛ ላይ ያዞራታል፤ በዚህ ጊዜ ልጆቹ ፊታቸውን ሲመልሱ ትቷት ወደ እነርሱ ይሄዳል። ሥዕሉ ግን ከእሽክርክሪቷ ላይ አይነሣም፤ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ጥቂት የተንገዳገደች ይመስላል፤ ወዲያው ይጨልምና ፊልሙ ያልቃል።

«ወደቀች!» አለ የእኅቴ ልጅ። «አልወደቀችም» አልሁ እኔ። መምህሩ ዝም ብለው ሣቁ።

እኔ በመሥሪያ ቤቴ የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ማኅተም የሌለበትን ወረቀት አልቀበልም። ስለዚህ «ነቅቷል ካልህ ማስረጃህን አቅርብ» አልሁት። ልጁም ተዘጋጅቶ ኖሮ አንድ ባንድ ቈጠረልኝ። «ጋሼ፣ በሕልም ውስጥ ሲሆን የጋብቻ ቀለበቱ በጣቱ ላይ አለ፤ ሲነቃ የለም፤ በመጨረሻውም ቀለበት አይታይም። በፊልሙ ማብቂያ በሚወጣው የተዋንያን ዝርዝር ደግሞ ልጆቹ በሁለት ዕድሜ ተጽፈዋል፤ ልጅቱ የ3 እና የ5 ዓመት፣ ወንዱ የ20 ወር እና የ3 ዓመት። እንግዲህ በመጨረሻ የሚያያቸው አድገው ነው፤ በሕልሙ የሚመላለሱት ግን እንደ ተለያቸው ቀርተዋል። የኮብን አማት የተጫወተው ማይክል ኬይንም ነገሩ ግራ ቢገባው ደራሲውን ጠይቆት፣ አንተ ያለህበት ሁሉ ገሃድ ነው እንዳለው በ2018 ዓ.ም. ተናግሯል፤ አማትየውም በመጨረሻው ትርኢት ውስጥ አለ» አለኝ።

ማስረጃው ቀላል አልነበረም። እኔ ግን እንዲህ ብዬ መለስሁ፦ «ይህን ያህል የከበደ ክስ በአንድ የስልክ ጥሪ፣ በአንድ በረራ ጊዜ ውስጥ ተነሥቶ ማለቁ የሕልም ጠባይ ነው እንጂ የቢሮ ጠባይ አይደለም። ከዚህም ሌላ ርቆ የቆየን አባት ልጆች እንዲህ ወዲያው ፊታቸውን መልሰው በደስታ አይቀበሉትም። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ።»

ይህን የመጨረሻውን ቃል ስናገር ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ባለቤቴ ልብስ ከምታጥፍበት ቀና ብላ አየችኝ፤ ነገር ግን ምንም አልተናገረችም።

መምህሩ በዚህ ጊዜ ገቡበት። «ወንድሜ፣ ሁለታችሁም የምትጠይቁት የማይጠየቀውን ነው። ደራሲው ራሱ በ2015 ዓ.ም. በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ለተመራቂዎች ሲናገር፣ ኮብ ከልጆቹ ጋራ በራሱ ገሃድ ውስጥ እንዳለና ከዚያ ወዲያ ግድ እንደሌለው ገልጧል። ሰውየው እሽክርክሪቷን አላያትም፤ ደስ ብሎታል። ደስታው ከኖረ ሕልም ቢሆን ምን ጐደለበት?» አሉ።

ይህ አነጋገር ያማረ ቢሆንም ልቤ አልተቀበለውም። ደስታ ብቻ የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ኮብ ቀድሞ ባገኘው ነበርና ነው። ፊልሙ እንደሚነግረን እርሱና ሚስቱ ማል ከሕልም ሁሉ በታች ባለው ጥልቅ ስፍራ፣ በራሳቸው አሳብ ከተማ ሠርተው፣ በዚያው ልክ 50 ዓመት ያህል ኖረው፣ አብረው አርጅተዋል። ማል ገሃዱን ዓለም ፈጽማ ረሳችው። ኮብ ሊመልሳት ብሎ «ይህ ዓለም እውነተኛ አይደለም» የሚል አሳብ በልቧ ተከለ፤ እርሷም ተመለሰች። ነገር ግን የተተከለው አሳብ ከነቃች በኋላ አልነቀል አለ። ቤቷን ተጠራጠረች፤ ልጆቿንም ልጆቼ አይደሉም አለች፤ በመጨረሻም እነቃለሁ ብላ ከፎቅ ተወርውራ ሞተች። የባልየው እውነተኛ ዕዳ ይህ ነው፤ ክሱ ሐሰት ቢሆንም ጸጸቱ ሐሰት አይደለም።

ከሞተች በኋላ ማል በሕልሙ እየመጣች አብሯት እንዲቀር ትለምነዋለች። እርሱ ግን ከብዙ ትግል በኋላ፣ አንቺ በአሳቤ የሠራሁሽ ጥላ ነሽ፤ የእውነተኛይቱን ሚስቴን ምሉእነትና ጉድለት ልሰጥሽ አልቻልሁም የሚል ትርጓሜ ያለው ቃል ተናግሮ ይሰናበታታል። በሕልሙ ውስጥ ልጆቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲጫወቱ ባየ ጊዜም ፊታቸውን ማየት እምቢ ይላል፤ የሚፈልገው እውነተኛ ፊታቸውን ነውና። «መምህር፣ ይህ ሰው እንግዲህ እንደ ምን ለእውነት ግድ የለውም ይባላል?» አልኋቸው።

መምህሩ ጥቂት አሰቡና «መልካም፤ ታዲያ ግድ ካለው ለምን እስክትወድቅ ቆሞ አልጠበቀም?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ።

መልሱን የሰጠችው ባለቤቴ ናት። «አንተ ከወረዳ በተመለስህ ጊዜ ያደረግኸውን ረሳኸው?» አለችኝ።

አልረሳሁትም። ልጃችን የአንድ ዓመት ልጅ ሳለች በሥራ ዝውውር ወደ ሩቅ ወረዳ ሄጄ ሁለት ዓመት ያህል ቆየሁ። ከበዓል በዓል ብቅ ብል እንኳ ለልጅቱ እንግዳ ነበርሁ። ጨርሼ የተመለስሁ ዕለት እጄን ዘርግቼ ብጠራት ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧትና ማታ «እኔ ማን ነኝ?» እያልሁ እጠይቃት ነበር። «አባባ» ያለች እንደ ሆነ ለአንድ ሰዓት ደስ ይለኛል፤ ከዚያም እናቷ አስተምራት ይሆን በማለት እጠራጠርና ደግሜ እጠይቃለሁ። ዝም ያለች እንደ ሆነ እቈጣለሁ። ልጅቱም ገና ድምፄን ስትሰማ መሸሽ ጀመረች።

«ጫማዋን እሰርልኝ ብላ ወዳንተ የመጣችው መቼ ነው?» ስትል ባለቤቴ ቀጠለች፤ «የተሰበረውን ወንበር ስትጠግን፣ መጠየቁን የረሳህ ዕለት ነው።»

እውነት ነው። ያን ዕለት ጫማዋን አሰርሁላት፤ ማን ነኝ ብዬም አልጠየቅኋትም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተገለጠልኝ። በሕልም ያለች ልጅ ቢሆን ኖሮ እንደ ተመኘሁት ሮጣ ታቅፈኝ ነበር። የእኔ ልጅ መሸሸጓ ከእኔ ምኞት ውጭ የሆነ የራሷ ልብ እንዳላት ያሳያል፤ እኔም ነቅቼ እንደ ነበርሁ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻኝም ነበር። እኔ ግን በማኅተም ላይ ማኅተም ስለምፈልግ፣ ማል በገዛ ልጆቿ ላይ ያደረገችውን በትንሹ በልጄ ላይ አደረግሁት። የሚጠይቅ ሰው አይነቀፍም፤ ኮብም እሽክርክሪቷን አዙሯታል። ነገር ግን መጠየቅ የማያልቅ ከሆነ ራሱ ሌላ ሕልም ይሆናል። ጠያቂው ምልክቱን ሲመለከት የሚፈልገው ፊት በአጠገቡ ያልፈዋል።

ስለዚህ በበኩሌ ኮብ ነቅቷል ወደሚለው አሳብ ተመልሻለሁ፤ የእኅቴ ልጅ በቀለበቱ ረታሁ ቢልም የረታኝ ቀለበቱ አይደለም። መምህሩ አሁንም አልተስማሙም፤ በሚቀጥለው ዕረፍት ክርክሩን ለመቀጠል ቀጠሮ ይዘናል። ሕልም እንደ ፈቺው ይሁን፤ ልጅ ግን እንደ ፈቺዋ አይደለችም። እንደ እኔ በሥራ ምክንያት ከቤቱ ርቆ የቆየ አንባቢ ቢኖር፣ በተመለሰ ጊዜ ልጁ ወዲያው ባይቀርበው አይዘን፤ ደጋግሞም አይጠይቅ። ወንበር እየጠገነ ይቆይ።