ስለ ምስጢርና ስለ ጥርጣሬ፤ በለንደን የፍሪሜሶኖች ቤት ያየሁት

በለንደን ከተማ ከሆልበርን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ወደ ኮቨንት ጋርደን ለሚሄድ መንገደኛ፥ ግሬት ኵዊን ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ግንቡን ከቤቶቹ ሁሉ በላይ ከፍ አድርጎ የቆመ ታላቅ የድንጋይ ሕንጻ ይታየዋል። ይህ ሕንጻ የእንግሊዝ ፍሪሜሶኖች ዋና ቤት ነው። በ1927 ተጀምሮ በ1933 የተፈጸመ ሲሆን፥ የተሠራውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱት 3,225 የማኅበሩ አባሎች መታሰቢያ እንዲሆን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

ስለ ፍሪሜሶን ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ሁሉ በሹክሹክታ የተነገረ ነበር። አንዱ መንግሥታትን በስውር የሚገለብጡ ናቸው ሲል፥ ሌላው ባለጠጋ የሚያደርግ ምስጢር አላቸው ይል ነበር፤ ነገር ግን በዓይኔ አየሁ የሚል አንድ ሰው እንኳ አላገኘሁም። ስለዚህ ወደ ደጁ በቀረብሁ ጊዜ ዘበኛው የሚመልሰኝ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን በትሕትና አስገባኝ፤ በውስጡ ለእንግዳ የተከፈተ ቤተ መዘክር አለና። በዚያም አባሎቹ በስብሰባ ጊዜ የሚታጠቁትን ሽርጥ፥ የማኅበሩ ምልክት የሆኑትንም የማዕዘን መለኪያና ኮምፓስ ተመለከትሁ። የትልቁ አዳራሽ የነሐስ መዝጊያዎች እያንዳንዳቸው ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናሉ፤ በጣራው ማዕዘኖችም ማስተዋል፥ ራስን መግዛት፥ ብርታትና ፍትሕ በሰው አምሳል ተሥለው ይታያሉ። እኔም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝና፥ የፍትሕን ሥዕል ባየሁ ጊዜ ከዚያ ቆሜ ብዙ አሰብሁ።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን የአውሮፓ ድንጋይ ጠራቢዎችና ግንበኞች ታላላቅ ሕንጻ ወደሚሠራበት ስፍራ ሁሉ እየተዘዋወሩ ይሠሩ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን የስኮትላንድ ግንበኞች «የግንበኛ ቃል» የሚሉት የምስጢር ቃል ነበራቸው፤ ከሩቅ የመጣውም ሠራተኛ ይህን ቃል ካወቀ የሙያው ባልደረባ መሆኑ ይታመንለት ነበር። እንግዲህ ምስጢሩ ያን ጊዜ እንደ ዛሬው የምስክር ወረቀት ያገለግል ነበር ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ድንጋይ ጠርበው የማያውቁ መኳንንት፥ ሊቃውንትና ነጋዴዎች ወደ ማኅበሩ ገቡ። ማኅበሩ ራሱ እንደሚተርከው፥ በ1717 አራት የለንደን ሎጆች፥ ይኸውም አራት ጉባኤዎች፥ በአንድነት ታላቁን ሎጅ አቋቋሙ። ያን ጊዜ መዶሻውና መለኪያው የመልካም ጠባይ ምሳሌ ሆነ። በሥርዓታቸውም ውስጥ የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ዋና ግንበኛ ምስጢሩን አላወጣም ብሎ እንደ ተገደለ የሚተርክ፥ በመጽሐፍ ቅዱስ ግን የማይገኝ ታሪክ አለ።

ይሁን እንጂ ይህ ምስጢር ከተገለጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ1730 ሳሙኤል ፕሪቻርድ የሚባል ሰው የማኅበሩን ጥያቄና መልስ በመጽሐፍ አሳትሞ ለሕዝብ አውጥቶታል፤ ማኅበሩ ግን በዚህ አልፈረሰም። ከዚህ የምንረዳው የምስጢሩ ዋጋ በውስጡ ባለው ነገር ሳይሆን በመጠበቁ መሆኑን ነው። ትንሹን ቃል የጠበቀ ሰው ትልቁንም አደራ ይጠብቃል ተብሎ ይታመናል፤ አንድ ምስጢር አብረው የሚጠብቁ ሰዎችም እንደ ወንድማማች ይተሳሰራሉ።

ውስጥ ያሉትን ያስተሳሰረው ይኸው ደጅ ግን ውጭ የቆመውን ያስጠረጥራል። በ1738 የሮማው ፓፓ ክሌሜንጦስ 12ኛ ማኅበሩን አወገዙ፤ ክፉ የማይሠራ ሰው ከብርሃን አይሸሽም የሚለው አሳብ ከምክንያቶቻቸው አንዱ ነበር። የሚያስደንቀው ግን፥ በዚያው ጽሑፍ እርሳቸው የሚያውቋቸው ሌሎች ምክንያቶች እንዳሉም ተናግረው፥ ምን እንደ ሆኑ ሳይገልጡ መተዋቸው ነው። በአሜሪካም በ1826 በኒውዮርክ ግዛት ባታቪያ በምትባል ከተማ ዊልያም ሞርጋን የሚባል ሰው የማኅበሩን ምስጢር አሳትማለሁ ብሎ ሳለ ተጠልፎ ተወሰደ፤ ከዚያም ወዲህ አልታየም። ሕዝቡም ሹማምንቱ ለማኅበር ወንድሞቻቸው አድልተዋል ብሎ እጅግ ተቈጣ፤ ፍሪሜሶንን የሚቃወም የፖለቲካ ቡድን እስከ ማቋቋም ደረሰ፤ የዚህ ቡድን ዕጩም በ1832 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ የቬርሞንትን ግዛት ድምፅ አገኘ።

ነገር ግን ጥርጣሬም በጨካኝ ገዢ እጅ ሲገባ ሰይፍ ይሆናል። ጀርመንን ይገዛ የነበረው የሂትለር መንግሥት በ1935 ሎጆቹን አፈረሰ፤ በስፔንም ፍራንኮ በ1940 ፍሪሜሶን መሆንን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ስለዚህ ምስጢር የያዘ ሁሉ በደለኛ ነው ማለት አይገባም።

እንግዲህ ድንበሩ ወዴት ነው? በችሎት ያጋጠመኝ አንድ ነገር ይህን አስተማረኝ። ዳኞች ለምክር ሲገቡ ደጁን የምዘጋው እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን ስለ ርስት የምትከራከር አንዲት አሮጊት ወደ እኔ ቀርባ፥ «ልጄ፥ የሚነጋገሩትን ንገረኝ አልልህም፤ ከመካከላቸው የባላጋራዬ ዘመድ እንዳለ ብቻ ንገረኝ» አለችኝ። «እናቴ፥ የለም፤ ቢኖርም ኖሮ ሕጉ ያስነሣው ነበር» ብዬ መለስሁላት። እርስዋም ነጠላዋን አጣፍታ በጸጥታ ተቀመጠች። የተዘጋው ደጅ አላስፈራትም፤ ያስፈራት በደጁ ውስጥ ያለውን ዝምድና አለማወቅዋ ነበር።

የእንግሊዝ ፓርላማም ይህን አስተውሎ ነበር። በ1799 የአብዮት ፍርሃት በነገሠበት ጊዜ በስውር መሐላ የተሳሰሩ ማኅበራትን ሲከለክል፥ ፍሪሜሶኖች ግን የአባሎቻቸውን ስም፥ መኖሪያና ሥራ በየዓመቱ ጽፈው ለአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ቢያስረክቡ እንዲሰበሰቡ ፈቀደ። ሥርዓታቸውን ግለጡ አላላቸውም፤ እነማን እንደ ሆኑ ብቻ ጠየቃቸው። ይህም ሕግ እስከ 1967 ድረስ ኖሯል።

ስሙን የሸሸገው ማኅበር ግን ዕድሉ ሌላ ሆነ። በ1981 የኢጣልያ ፖሊሶች ሊቾ ጄሊ የሚባለውን ሰው ንብረት ሲፈትሹ ፒ ሁለት የተባለውን ስውር ሎጅ የ962 ሰዎች ስም ዝርዝር አገኙ፤ በውስጡም ሚኒስትሮች፥ ጄኔራሎችና ዳኞች ነበሩበት። በዚህ ምክንያት የፎርላኒ መንግሥት ወደቀ፤ በሚከተለውም ዓመት ስውር ማኅበራትን የሚከለክል ሕግ ወጣ። በእንግሊዝም ከ1998 እስከ 2009 አዲስ የሚሾሙ ዳኞች ፍሪሜሶን መሆን አለመሆናቸውን እንዲያስታውቁ ይጠየቁ ነበር። ጥያቄው በኋላ ቢቀርም፥ መነሻው ያች አሮጊት የጠየቀችኝ ነገር ነው።

ሹመት ወይም የሕዝብ አደራ የተቀበለ ሰው ሁሉ ራሱን መመርመር የሚገባው በዚህ ነው። ለመንግሥት ከማለው መሐላ ሌላ መሐላ ቢኖርበት፥ ሁለቱ በተጋጩ ጊዜ የትኛው ይቀድማል? ይህን በግልጥ ሊመልስ የማይችል ሰው፥ ምንም ክፉ ባይሠራ፥ መጠርጠሩን ሊያዝንበት አይገባም።

ወደ ቤቴ በተመለስሁ ጊዜ ባለቤቴ ስለ ፍሪሜሶኖች ጠይቃኝ ያየሁትን ሁሉ ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ፥ «አንተስ የመዝገብ ቤቱን ነገር መቼ ነግረኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ። እውነትዋን ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የባለጉዳዮችን ምስጢር አልነገርኋትም። እርስዋ ግን በየማታው ከየት እንደምመጣና ከማን ጋር እንደምውል ታውቃለች፤ ስለዚህም ራቱን አቅርባ ያለ ስጋት ትጠብቀኛለች።