ሳይለምዱን የሚደርሱ በዓላት

እስራኤል ውስጥ ሙዓለ ሕፃናት የሚከፈተው ሴፕቴምበር 1 ቀን ነው። ብዙም ሳይቆይ ቲሽሪ የሚባለው ወር ይገባል፤ ወሩ በገባ በ1ኛውና በ2ኛው ቀን አዲስ ዓመቱ ሮሽ ሃሻና፣ በ10ኛው የስርየት ቀን የሆነው ዮም ኪፑር፣ በ15ኛው የዳስ በዓል፣ በ22ኛው ሲምሐት ቶራ ይከተላሉ። እኔ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ክፍል ውስጥ ረዳት ነኝ። ሥራውን ስጀምር የበዓል ዝግጅት ማለት ግድግዳ ማስጌጥና መዝሙር ማስጠናት ይመስለኝ ነበር።

1. ልጅ ክፍሉን ሳይለምድ በዓል አይጥመውም።
ለሮሽ ሃሻና ልጆቹን ነጭ አልብሰን፣ የወረቀት ዘውድ ደፍተንላቸው ወላጆች ፊት አቆምናቸው። ገና ከእናታቸው መለየትን ያልለመዱ ልጆች ናቸው። አንዱ እናቱን ሲያይ መዝሙሩን ትቶ እያለቀሰ ሮጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ዝግጅቱ ሲያልቅ እናቶቹ ሄዱ፣ ለቅሶው እንደ አዲስ ተጀመረ። እኔ ደግሞ በልጆቹ ተናደድኩ፤ አሳፈሩን ብዬ! የጠየቅናቸው ነገር ከአቅማቸው በላይ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። አሁን መድረክ የለም። ወላጅ ከልጁ አጠገብ ዝቅተኛዋ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ፖም አብረው ማር ውስጥ እየነከሩ ይበላሉ፣ መዝሙሩን የፈለገ ይዘምራል። ያም ሆኖ ከዳስ በዓል ዕረፍት ሲመለሱ ብዙዎቹ እንደ መጀመሪያው ቀን በር ላይ ያለቅሳሉ። በዚህ አገር ሰው ቀጠሮውን ሁሉ «ከበዓላት በኋላ» ይላል፤ የልጆቹም ዓመት በትክክል የሚጀምረው ያኔ ነው።

2. ማር ለሁሉም ልጅ አይሰጥም።
አንድ ጊዜ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ሰው ተክቼ ስሠራ፣ ገና ዓመት ላልሞላት ሕፃን ማር በጣቴ ላልሳት ስል ኃላፊዋ እጄን ያዘችኝ። እኛ ቤት ማር መድኃኒት ነው፤ ተቀየምኳት። ለካ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ተህዋስ ከአንድ ዓመት በታች ያለን ሕፃን ለከባድ በሽታ ይዳርጋል። ጥሬ ፖምም ቢሆን በጉርሻ መጠን ተቆርጦ ከተሰጠ ትንሽ ልጅ ሊያንቅ ይችላል። ስለዚህ ለትልልቆቹ ስስ አድርገን እንቆርጣለን፣ ለሕፃናቱ ቀቅለን እንፈጫለን።

3. ሾፋር ከመነፋቱ በፊት ይዳሰስ።
የሮሽ ሃሻናው ቀንድ በድንገት ሲነፋ ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ጠረጴዛ ሥር ይገባሉ። ቀንዱን አስቀድመው ከነኩትና «አሁን ሊነፋ ነው» ከተባሉ ግን «ድገሚ!» ይላሉ።

4. ይቅርታ በሰልፍ አይጠየቅም።
ከዮም ኪፑር በፊት ልጆቹን እያዞርን እርስ በርስ ይቅርታ እናስጠይቃቸው ነበር። አንዱ ሁሉንም ይቅርታ ጠይቆ ሲጨርስ የመጨረሻውን ልጅ ነከሰው። ዛሬ መምህሯ የምትጠይቀው «ምን ብታደርግለት ደስ ይለዋል?» ብላ ነው። ያፈረሰው የጓደኛውን ግንብ ከሆነ አብሮ ይሠራል። ስለ ዮም ኪፑር ሲጠየቁ ብዙዎቹ የሚያወሩት መኪና በሌለበት ጎዳና ስለነዱት ብስክሌት ነው፤ ያንን ማረም ትቻለሁ።

5. ትርንጎውን ለእጃቸው ስጡ።
ለዳስ በዓል አራት ዓይነት ተክል ይዘጋጃል፤ ትርንጎ፣ ዘንባባ፣ አደስና አኻያ። አንድ ዓመት መምህሯ ከቤቷ ያመጣቻትን ትርንጎ ልጆቹ ሲቀባበሏት ጫፏ ተሰበረች። ጫፏ የተሰበረች ትርንጎ ደግሞ ለበዓሉ ሥርዓት አትሆንም። በሚቀጥለው ዓመት መስታወት ውስጥ አስቀመጥናት፤ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። አሁን እንከን ያለባትን በርካሽ ገዝተን እንሰጣቸዋለን፣ ያሸቷታል፣ ይቧጥጧታል። አደሱንስ እኔም አሸተዋለሁ፤ የእማዬን የራስ ቅቤ ያስታውሰኛል።

6. ያላደግንበትን አድገንበታል ማለት አያስፈልግም።
አንዲት ልጅ «አንቺም ኢትዮጵያ ውስጥ ፖም በማር ትበዪ ነበር?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ዋሸሁ፤ ከሌሎቹ ያነስኩ እንዳልመስል። ለእማዬ ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያ ተቆጣች። «በመንደራችን ፖም የት አለና! ለምን ስለ ብርሃን ሠረቀ፣ ስለኛው ሮሽ ሃሻና፣ አልነገርሻትም? በአስተሰርዮ፣ በኛው ዮም ኪፑር፣ ለሞቱት ዘመዶች እህል በትነን ወፎች ሲለቅሙት ስለነበረውስ?» አለችኝ። በዓመቱ ከዮም ኪፑር በፊት ባለው ቀን ልጆቹ ግቢው ውስጥ ዘንጋዳ በተኑ። ያችው ልጅ በመስኮት ወፎቹን ስትጠብቅ ምሳዋን ረሳች።

የኛ የቤተ እስራኤላውያን በዓል ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 የመንግሥት በዓል ሆኖ በሕግ ከታወቀ ወዲህ፣ በየትምህርት ቤቱ እኛን የሚያስታውሱን በዚያ ሰሞን ነው፤ ዳቦ ጋግሪ፣ ቀሚስሽን ልበሺ እንባላለን። በእንዲህ ያለ ክፍል የምትሠሩ እህቶቼ፣ እስከዚያ አትጠብቁ። ከሮሽ ሃሻና በፊት ባለው ሳምንት፣ መምህሯ ዕቅዷን ስታወጣ፣ እናታችሁ የነገረቻችሁን አንድ ነገር ንገሯት።