መሶቡ ስንት ፓውንድ ይመዝናል?

ባልና ሚስቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ወደ ዳላስ ለመዛወር ሲወስኑ ያስጨነቃቸው የልጆቹ ትምህርት ቤትና የአዲሱ ቤት ኪራይ ነበር። ዕቃውን ማን ያደርሰዋል የሚለው ጥያቄ በአንድ ማታ አለቀ። ሚስት ሦስት ቦታ ደወለች። ሁለቱ ከ5,000 ዶላር በላይ ጠሩባት፤ ያውም «መጀመሪያ ቤቱን በቪዲዮ አሳዪን» እያሉ። ቤቱ ደግሞ ተተራምሷል፤ ልብሱ ሶፋው ላይ ተከምሯል፣ ሰው እንዲያየው አፈረች። ሦስተኛው ምንም አላስቸገረም። «ስንት መኝታ ክፍል ነው?» አለ፣ «ሁለት» ሲባል 2,900 ብሎ ቆረጠ። የልጆቹን ዕድሜ ሳይቀር ጠየቀ። 700 ዶላር ቀብድ በካርድ ተከፈለ፣ ባልም «ጎበዝ፣ ግማሹን አተረፍሽልን» አላት።

ሰውዬው መኪና አልነበረውም። ደላላ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ግዛት ወደ ሌላው የቤት ዕቃ የሚያጓጉዙትንም ደላሎቹንም የሚመዘግብ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አለ። ደላላ ደላላነቱን በማስታወቂያው ላይ መግለጽ አለበት። በሕጉ መሠረት ዋጋ ሊገምት የሚችለውም ከአጓጓዡ ጋር የጽሑፍ ውል ካለው ብቻ ነው፣ ያውም በአጓጓዡ ታሪፍ። ግምቱም ዕቃው በአካል ወይም በቪዲዮ ታይቶ የሚሰጥ ነው፤ ባለቤቱ «ይቅርብኝ» ብሎ በጽሑፍ ካልተወው በስተቀር። ሚስትን ያሳፈራት ጥያቄ እንግዲህ የጨዋዎቹ ምልክት ነበር። ደላላው በኢሜይል ከላካቸው ወረቀቶች መካከል አንዱ ይሄንኑ መብት የሚያስተው ነበር። ስልክ ላይ በጣት ተፈረመ።

አዲስ አበባ ቤት የቀየረ ሰው ለደላላ አዲስ አይደለም። ከገርጂ ወደ ሀዋሳ የሚዛወር ቤተሰብ አይሱዙ ያስጠራል፤ ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሰወራል፤ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች «ያለ እኛ አይጫንም» ብለው በር ላይ ይቆማሉ፤ ጎረቤት ይወጣል፣ ይጮሃል፣ ይለመናል፣ መጨረሻ ላይ መሀል ቤት ዋጋ ይገኛል። ደም የሚያፈላ ነገር ነው። ግን ባለቤቱ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ይሄዳል። ሞጆ ላይ አብረው ሻይ ይጠጣሉ፣ ሻሸመኔ ሲደርሱ ስለ ልጆቻቸው አውርተዋል። ከዚያ በኋላ «ጨምር» ቢል እንኳ ፊት ለፊት ነው። ከሜሪላንድ እስከ ዳላስ ያለው ከ1,300 ማይል በላይ መንገድ ላይ ግን ዕቃው ብቻውን ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ ከአንድ መኪና ወደ ሌላ ሊገለበጥ፣ መጋዘን ውስጥ ሊያድር ይችላል። ባለቤቱ የያዘው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

የመጫኛው ቀን ደረሰ። ጠዋት ይመጣል የተባለው መኪና ከሰዓት በኋላ መጣ፣ በላዩ ላይ የተጻፈው ስም ውሉ ላይ ካለው የተለየ ነው። ሦስት ወጣቶች ፈጠን ፈጠን እያሉ ጫኑ። አልጋው፣ ሶፋው፣ ፍሪጁ ገብቶ ሳሎን ውስጥ ጥቂት ካርቶን ሲቀር አለቃቸው ታብሌት ይዞ መጣና ዕቃው ከተነገረው በላይ ስለሆነ ዋጋው 5,400 ነው አለ።

ደላላው ተደወለለት። «እኛ አገናኝ ነን፣ ዋጋው የመኪናው ባለቤት ነው» አለ። ያ ሞቅ ያለ ድምፅ የለም።

ሊያግዝ የመጣው የእህቱ ልጅ «አጎቴ፣ እንዳትፈርም» አለ።

«ተወው እባክህ፣ ሰዎቹን አናስመሻቸው። እዚያ ስንደርስ እናወራለን» ብሎ ባል ፈረመ።

እዚህ ላይ ባልየውን መውቀስ ይቀናል። ሰው ፊት በገንዘብ መከራከር ነውር ሆኖበት ያደገ ሰው ነው፤ ዕቃውም መኪና ላይ ነው፣ የቤቱ ቁልፍ ነገ ይመለሳል። ንግዱ የሚሠራውም በትክክል በዚህች ሰዓት ነው። ቀደም ብሎ ዋጋውን ቢናገሩ ቤተሰቡ «ሂዱ» ይላቸው ነበር።

ሕጉም ይህችን ሰዓት ያውቃታል። ዕቃው በዝቷል የሚል አጓጓዥ አዲስ ግምት አዘጋጅቶ ማስፈረም ያለበት ከመጫኑ በፊት ነው። ከጫነ በኋላ የመጀመሪያውን ግምት እንደተቀበለ ይቆጠራል። ግምቱ የማያስር ዓይነት ከሆነ፣ ባለቤቱ ተጨማሪ ሥራ ካላዘዘ በስተቀር፣ ማድረሻው ላይ ሊጠየቅ የሚችለው የግምቱን 110 በመቶ ነው፤ ትርፉ ከ30 ቀን በኋላ በቢል ይጠየቃል። ለእነሱ 3,190 ማለት ነው፤ ቀብዱ ሲቀነስ 2,490። ይሄ ሁሉ አጓጓዡ አስቀድሞ ለደንበኛው ሊሰጥ የሚገባው የመንግሥት መጽሔት ላይ ተዘርዝሯል። ለነሱም ተልኮላቸው ነበር፤ ኢሜይሉ ሥር ማስፈንጠሪያ ሆኖ። የእህት ልጅ ያነበበው ማታ ላይ ነው። ደግነቱ መኪናው ሞልቶ ሳለ፣ ከፊርማው በፊት፣ ፎቶ አንስቶ ነበር።

ዕቃው ዳላስ የደረሰው በ16ኛው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች በተዋሱት ፍራሽ ወለል ላይ ተኛ። ሾፌሩ ደጅ ላይ ቆሞ 4,700 በጥሬ ገንዘብ ጠየቀ፣ አለበለዚያ ዕቃው መጋዘን ይገባል፣ የመጋዘኑም ይታሰባል። ባል በዚህኛው ቀን አልተሽኮረመመም። 2,490ን ጠራ፣ ፎቶውን አሳየ፣ ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት አቤት እንደሚል ተናገረ። ሾፌሩ ስልክ ደወለ፣ ራቅ ብሎ አወራ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሚስት ሰኞ አዲስ ሥራ ትጀምራለች፣ የደንብ ልብሷ መኪናው ውስጥ ነው። 3,300 ላይ ተስማሙ። መብቱን እያወቀ 810 ዶላር በላዩ ከፈለ፣ ሚስትም «እሰይ» አለችው።

ካርቶኖቹ ሲፈቱ የመሶቡ ክዳን ተጨፍልቆ ተገኘ። እናቷ በአክርማ የሰፉት፣ ለሠርጓ የሰጧት ነው። እናትየው አሁን የሉም።

ደላላው በስልክ «ኢንሹራንሱ ነፃ ነው» ብሏት ነበር። ነፃ የሆነው ኢንሹራንስ አይደለም። አጓጓዡ በተለምዶ ለዕቃው ሙሉ ዋጋ ተጠያቂ ነው፤ ደንበኛው ይሄን በፊርማው ከተወ ግን ኃላፊነቱ ለአንድ ዕቃ በፓውንድ 60 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። 40 ፓውንድ የሚመዝን ቴሌቪዥን ቢሰበር 24 ዶላር ነው። እሷም በዚያች ማታ በጣቷ ከፈረመችባቸው አንዱ ይሄ ነበር።

የካሣ ጥያቄ ለማቅረብ 9 ወር ጊዜ አለ። ባል «ለምን ትደክሚያለሽ?» አላት። አልሰማችውም። ቅጹን አወጣች፣ የዕቃው ዓይነት፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ ክብደት ይላል። ሚዛኑን ከመታጠቢያ ቤት አመጣች፤ መጀመሪያ መሶቡን አቅፋ ወጣችበት፣ ከዚያ መሶቡን አስቀምጣ ብቻዋን። ልዩነቱ 9 ፓውንድ ሆነ። 5 ዶላር ከ40 ሳንቲም ብላ ጻፈች።