ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሞተር ሳይክል ጭስ ማውጫና የቤታችን ልጆች

«የሴቶችና የቤተሰብ ዓምድ ስለ ሞተር ሳይክል ጭስ ማውጫ ምን ያገባዋል?» የምትሉ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ነገሩ እንደሚያገባን ለማስረዳት ግን ሩቅ መሄድ አያሻም። እኔ በምኖርበት በጎንደር ከተማ፣ በማራኪ ሰፈር፣ ማለዳ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያስተውል ሰው ሞተር ሳይክል የጎልማሳ ወንድ መጓጓዣ ብቻ መሆኑ እንደቀረ ይረዳል። ከአባቷ ኋላ ተቀምጣ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ አለች። ሥራ የረፈደባት ሠራተኛ አለች። ዘንቢሏን በጉልበቷ መካከል አድርጋ ከገበያ የምትመለስ እናት አለች። የእነዚህ ሁሉ እግር ደግሞ ከጋለው ቱቦ ጋር ያለው ርቀት ከአንድ ስንዝር አይበልጥም።

በእኛም ቤት ባለቤቴ ከማራኪ አዘዞ ለሥራ የሚመላለስበት አንድ ያገለገለ ሞተር አለ። ባለፈው ክረምት መካኒኮች ማርሚታ የሚሉት ጭስ ማውጫው ዝጎ ልጣጩ ይረግፍ ጀመር። በዚያው ሰሞን አንዲት የአራት ዓመት ጎረቤታችን ኳሷን ተከትላ ስትሮጥ አባቷ ገና አሁን ያቆመውን ሞተር በባቷ ነካችው። ጩኸቷ እስከ እኛ ቤት ተሰማ። ቁስሉ ለመሻር ሳምንታት ወሰደ፤ ጠባሳው ግን አለ። ያን ጊዜ የቤቱን ወጪ የምይዘው እኔ እንደመሆኔ፣ «ጭስ ማውጫው ቅብ ያስፈልገዋል» ሲባል፣ «ቅቡ የሚጠብቀው ማንን ነው፤ ቱቦውን ወይስ ልጁን?» ብዬ ጠየቅሁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ያገኘሁትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

በመጀመሪያ የሄድንበት ጋራዥ ሠራተኛ «ሴራሚክ ልቀባላችሁ፤ ከዚያ በኋላ አይዝግም፣ አያቃጥልም፣ ነዳጅም ይቆጥባል» አለን። የጠየቀን ገንዘብ ከልጆቻችን የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ይበልጥ ነበር። ጣሳውን አሳየን ብዬ ጽሑፉን ባነበው በላዩ የሰፈረው ሙቀት የሚችል ቀለም መሆኑን ነው። ቀለሙ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ቀለም በሴራሚክ ዋጋ መሸጥ የለበትም። እንግዲህ ልዩነቱን አውቆ መግዛት የእኛ ፈንታ ነው።

ሴራሚክ የሚለው ስም እንግዳ ቢመስልም ነገሩ ለጎንደር ሴት እንግዳ አይደለም። ቃሉ የመጣው ሸክላ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። ከከተማችን ወደ ሰሜን ወጣ ሲሉ የምትገኘው ወለቃ በቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ሴቶች ስሟ የታወቀ መንደር ናት። አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል ቢሄዱም፣ ወለቃ ሲባል ዛሬም ትዝ የሚለን ሸክላዋ ነው። ሸክላ አስቀድሞ በእሳት ተፈትኖ ያለቀ አፈር ስለሆነ እንደ እንጨት አይነድም፤ እንደ ብረትም አይዝግም። የጭስ ማውጫ ቅብ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። እጅግ የደቀቀ የሴራሚክ ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር ይደባለቅና በአየር ግፊት በብረቱ ላይ ይረጫል፤ ቀጥሎም በሙቀት ወይም በቀናት ብዛት ይደርቃል። ዘዴው የትናንት አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ የአውሮፕላን ጭስ ማውጫዎችን ከሙቀትና ከዝገት ለማዳን ይጠና ነበር።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። በገበያ የሚቀርቡልን ነገሮች በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ተራ የብረት ቀለም ነው። ለበርና ለመስኮት የታሰበ ስለሆነ በጋለ ቱቦ ላይ ሲቀባ ይጨሳል፣ ይነፋፋል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይረግፋል። ርካሽ ቢሆንም ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው ሙቀት የሚችል ቀለም ነው። ጥሩው ዓይነት እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይችላል፤ ጣሳው ላይ ይህን ቁጥር ፈልጉ። ይህ ቀለም በአንድ ጊዜ አይጠናም። አዲስ ምጣድ ስታሟሹ መጀመሪያ ለስለስ ያለ እሳት ሰጥታችሁ፣ ጎመን ዘሩን አሽታችሁ፣ ቀስ በቀስ እሳቱን እንደምታበረቱት ሁሉ፣ ይህም ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነስቶ ፈጽሞ እስኪበርድ መተው፣ ከዚያም ጊዜውን እያስረዘሙ መድገም ይፈልጋል። በጥድፊያ የተሟሸ ምጣድ እንጀራ እንደሚይዝ፣ በጥድፊያ የጋለ ቀለምም ይላጣል። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን፤ ቀለሙ መጀመሪያ ሲግል የሚያወጣው ጢስና የሞተሩ ጭስ ሁለቱም ለሳንባ ጠንቅ ናቸው።

ሦስተኛው እውነተኛው ሴራሚክ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከፀጉር ዘለላ የሚቀጥን ሲሆን፣ የጥሩው ዓይነት ከቀለም የበለጠ ሙቀት ይችላል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ሆኖም የሚይዘው ብረቱ እስከ ነጭ ድረስ ከተጠረገ ብቻ ነው። አሸዋ በአየር ግፊት እየተረጨ ዝገቱ ይፋቃል፤ ቅባቱም ይታጠባል። በዝገት ላይ የተቀባ ሴራሚክ በጭቃ ግድግዳ ላይ እንደተለሰነ ኖራ ነው፤ ውስጡ ሲረግፍ አብሮ ይወርዳል።

አራተኛው ቱቦውን የሚጠቀልል ሙቀት የማያስተላልፍ ጨርቅ ነው። የሚያምር ይመስላል፤ ዳሩ ግን እንደ ጎንደር ባለ የክረምት ዝናብ በሚበረታበት አገር ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ቱቦውን ከሥሩ ያዝገዋል። አሮጌ መጠቅለያ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በእጅ መቅደድና ማራገፍ አደገኛ ነው።

ስለዚህ ቅብ አቀባለሁ የሚላችሁን ባለሙያ ሦስት ነገር ጠይቁ። ቅቡ ስንት ዲግሪ ይችላል? ብረቱ በምን ይጠረጋል? የሚደርቀውስ በምድጃ ነው ወይስ በቀናት? እነዚህን ሳያቅማማ የሚመልስ ሰው ሥራውን ያውቃል። «ዝም ብለሽ እመኚኝ» የሚል ከሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። የነዳጅ ቁጠባውን ነገር ደግሞ እርሱት፤ ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ትንሽ ሞተር በወር ወጪ ላይ የሚታይ ለውጥ አይጠበቅም።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። በደጋ ብርድ፣ በማለዳ፣ አጭር መንገድ ብቻ ሄዶ የሚቆም ሞተር ማርሚታው ሳይግል ስለሚጠፋ ያ እንፋሎት ውስጡ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ዝገቱም ከውስጥ ይጀምራል፤ በውጭ የተቀባ ቅብ ምንም ሊያደርግለት አይችልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አልፎ አልፎ ረዘም ያለ መንገድ መንዳትና በማርሚታው ሥር የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ካለ በጭቃ እንዳይደፈን ማየት።

እነሆ አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ቅቡ ልጅን ይጠብቃልን? አይጠብቅም። 60 ዲግሪ የሞቀ ብረት በጥቂት ሰኮንድ ቆዳ ያቃጥላል፤ 70 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ሰኮንድ ይበቃዋል። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚህም ይፈጥናል። ከሞተሩ ራስ አጠገብ ያለው ቱቦ ደግሞ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ጥሩ ሴራሚክ ሙቀቱን ከ300 ወደ 200 አወረደው እንበል፤ ለቱቦው ትልቅ እረፍት ነው፤ ለልጅ ባት ግን ምንም ልዩነት የለውም። እንዲያውም ያማረና ያልዛገ ቱቦ የማያቃጥል ስለሚመስል ያዘናጋል።

ባትን የሚጠብቀው ቅብ ሳይሆን መከለያ ነው። ከቱቦው አንድ ጣት ያህል ርቆ በቡሎን የሚታሰር ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ላሜራ በመካከሉ አየር ስለሚያሳልፍ እንደ ቱቦው አይግልም። ብዙዎቹ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ይህ መከለያ አላቸው፤ ሲሰበር ወይም ሲወልቅ ግን «ለጌጥ ነው» ተብሎ ይጣላል። የእኛም ሞተር የጎደለው ይኸው ነበር። በሰፈራችን ያለ ብረት ሠሪ ለሴራሚኩ ከተጠየቅነው ገንዘብ እጅግ ባነሰ ዋጋ ሠራልን። በተረፈው ሙቀት የሚችለውን ቀለም ገዛንና ባለቤቴ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ሁለት ጊዜ ቀባው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ ብየዳ ካለ አስቀድሞ ይሠራ፤ ቅቡ ይከተል፤ ብየዳ ከቅብ በኋላ ከመጣ ቅቡን ያቃጥለዋልና። ላሜራው ዚንክ የተነከረ ቆርቆሮ አይሁን፤ ሲበየድ የሚያወጣው ጢስ ሠሪውን ያሳምመዋል።

ሴራሚኩ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ሞተሩ የዕለት እንጀራችሁ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ከሆነ፣ ቱቦውም አዲስና ውድ ከሆነ፣ በትክክለኛ ባለሙያ የተሠራ ሴራሚክ ወጪውን ይመልሳል። ለሳሳና ለበሳ ቱቦ ግን ሴራሚክ ማልበስ ለተሰነጠቀ ምጣድ ጎመን ዘር እንደ መፍጀት ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረገውን ጥንቃቄ ደግሞ አንርሳ። ልጆች በሞተር ላይ የሚወጡትና የሚወርዱት በግራ በኩል ይሁን፤ ጭስ ማውጫው በአብዛኛው የሚገኘው በቀኝ ነውና። ሞተሩ ግቢ ሲገባ ጭስ ማውጫው ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቁም፤ ግማሽ ሰዓት እስኪያልፍም ልጅ አይጠጋው። ሌባ ይፈራል ተብሎ ቤት ውስጥ የሚያድር ከሆነ ከምድጃና ከከሰል እጅግ ይራቅ። የፕላስቲክ ልብስ ሳይበርድ አይልበስ።

ቃጠሎው ከደረሰም እጃችን መጀመሪያ የሚሮጥበትን ነገር እናስተካክል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቡና ዱቄት፣ እንቁላል፣ ጭቃ ሁሉም ቁስሉን የሚበክሉና ሙቀቱን የሚያፍኑ ናቸው። ወዲያውኑ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ቧንቧ ከሌለ በጆግ ቀስ እያላችሁ ደጋግሙ፤ በረዶ ግን አታድርጉ። የቀረው የልጁ ሰውነት እንዳይበርደው ሸፍኑት። የእግር አልቦ ወይም ካልሲ ካለ ከማበጡ በፊት አውልቁ፤ ከቁስሉ ጋር የተጣበቀ ልብስ ግን አትጎትቱ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ወይም ሕፃን ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም ነገር ጠይቁ።

ውድ እናቶችና እህቶች፣ ስለ ሞተር ዕቃ ሲወራ «የወንዶች ጉዳይ ነው» ብለን ወደ ጓዳ መግባት አይገባንም። ገንዘቡ የቤታችን፣ ቃጠሎውም የልጆቻችን ነውና። ዛሬ ማታ ሞተሩ ግቢ ሲገባ ወጣ በሉና መከለያው መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ። ከሌለ፣ ስለ ቅቡ ቀለም ከመከራከራችሁ በፊት እሱን አሠሩ።